ጣቢያችሁን ስትቀይሩ ንገሩን፦ ግልጽ ደብዳቤ ለኤፍሲሲ ከአንድ የዲሲ ታክሲ ነጂ

ለፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን
45 ኤል ስትሪት፣ ኖርዝ ኢስት
ዋሽንግተን ዲሲ

ጉዳዩ፦ የኤፍኤም ሬዲዮ ጣቢያዎች ፎርማት ሲቀይሩ ለአድማጭ አስቀድመው እንዲናገሩ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። ይሄን በአማርኛ የምጽፈው እናንተ ቢሮ አማርኛ የሚያነብ ሰው አለ ብዬ አይደለም፣ ቢኖርም ግን አይገርመኝም፣ ዲሲ ውስጥ ሀበሻ የሌለበት ህንጻ የለም። እንግሊዝኛውን ልጄ አሳምራ ትጽፍላችኋለች። ይሄኛው ጉዳዩ የሚነካቸው ወገኖቼም እንዲያነቡት ነው፣ ምክንያቱም የዚህን ከተማ ሬዲዮ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ሲሰማ የኖረ ሰው ይፈለግ ቢባል የሀበሻ ታክሲ ነጂን የሚቀድም ያለ አይመስለኝም፣ ግን ስለ ሬዲዮ አድማጭ ሲወራ እኛን የሚቆጥር ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ዓመተ ምህረቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።

ለሬዲዮ ጣቢያ ፈቃድ የምትሰጡት እናንተ፣ ኤፍሲሲዎቹ፣ ስለሆናችሁ ነው ለናንተ የምጽፈው፣ ጥያቄዬ አጭር ነው። አንድ ጣቢያ ፎርማቱን ሲቀይር፣ ትናንት ክላሲካል የነበረው ዛሬ ፖፕ ሲሆን፣ ሮክ የነበረው ስፓኒሽ ሲሆን፣ ጃዝ የነበረው የኮንግረስ ስብሰባ ሲሆን፣ ከመቀየሩ በፊት በዚያው በራሱ ሞገድ ለአድማጩ እንዲናገር አድርጉልን። ይሄን አጫውት ያንን ተው በሉት አላልኩም። ይናገር ነው ያልኩት።

ለምን እንደምል ለማስረዳት ወደ ኋላ መመለስ አለብኝና ታገሱኝ።

ታክሲ የጀመርኩት ዲሲ ውስጥ የታክሲ ዋጋ ገና በዞን በሚቆጠርበት ዘመን ነው፣ ሜትር የመጣው በ2008 ነው። ያኔ ብሉቱዝ የለ፣ ስልክ ላይ ሙዚቃ የለ፣ ዳሽቦርዱ ላይ 6 ቁልፍ ያላት ሬዲዮ ናት ያለችህ፣ እያንዳንዷ ቁልፍ ደግሞ የራሷ ስራ ነበራት። 88.5 ለወሬና ለቃለ ምልልስ፣ እውነቱን ለመናገር እንግሊዝኛዬን ያቃናልኝ እሱ ነው። 89.3 ጃዝ፣ ሌሊት ሌሊት ለራሴ። 90.9 እና 103.5 ክላሲካል፣ ከኬኔዲ ሴንተርና ከጆርጅታውን ለሚሳፈሩት። 99.1 ለወጣቶቹ። 102.3 ማጂክ፣ የድሮ አር ኤንድ ቢ፣ ይሄ ሁሉንም የሚያስማማ ነው፣ ሰው ተናዶ ቢገባ እንኳ ሁለት መብራት ሳያልፍ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ ታየዋለህ። ዜናና ትራፊክ ኤኤም 1500 ላይ ስለነበር ለእሱ ወደ ኤኤም መሻገር ነበረብን።

ክላሲካሉን መጀመሪያ ለቲፕ ብዬ ነበር የማበራው፣ አልዋሽም። ኮንሰርት አይተው የወጡ ሽማግሌ ባልና ሚስት ኋላ ወንበር ላይ ሆነው ያንን ሲሰሙ ፊታቸው ይበራል፣ "ሹፌሩ ይሄን ነው የሚሰማው" ብለው ያንሾካሹካሉ፣ ሲወርዱም ያስባሉ። እየቆየ ግን ለመደብኝ። ተሳፋሪ ሳይኖርም አበራው ጀመር፣ አቅራቢው የዜማውን ታሪክ በዛ ዝግ ባለ ድምፁ ሲያወራ እየሰማሁ ሞዛርትን ከሹበርት መለየት ቻልኩ። አገር ቤት ሳለሁ ያልተማርኩትን ነገር 16ኛው ስትሪት ላይ ትራፊክ ተዘግቶ ተማርኩት።

እንግዲህ ከነዚያ 6 ቁልፎች ውስጥ 3ቱ ጣቴ ስር ተቀየሩ።

ከ99.1 ልጀምር። ደብሊውኤችኤፍኤስ ይባላል፣ ሰዎቹ ግን ኤችኤፍኤስ ነው የሚሉት። በ1961 ቤተስዳ ውስጥ 102.3 ላይ ተጀምሮ በ1983 ወደ 99.1 የዞረ ጣቢያ ነው። የድሮ አድማጮቹ እንደሚያወሩት ዲጄዎቹ ከመደርደሪያ ደስ ያላቸውን ሸክላ አውጥተው የሚያጫውቱበት፣ ሌላው ጣቢያ የማያስጠጋው ሮክ የሚሰማበት ቤት ነበር፤ እኔ ስደርስ ያ ነፃነት ቀንሷል ይላሉ፣ እኔ እንኳ በሮክ ጉዳይ አስተያየት የምሰጥ ሰው አይደለሁም። በየዓመቱ ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ አርኤፍኬ ስታዲየም፣ ኤችኤፍስቲቫል የሚሉትን ትልቅ ኮንሰርት ያዘጋጁ ነበር፣ ያን ቀን ታክሲ የያዘ ሰው ምሳ አይበላም። ልጆቹ በላብ ርሰው፣ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ አራት ሆነው ተጨናንቀው ይገባሉ፣ ከገቡም በኋላ 99.1 አድርግልን ይሉሃል፣ ቀኑን ሙሉ የሰሙት አልበቃቸውም።

ጃንዋሪ 12፣ 2005፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ (እናንተ 12 ፒኤም በምትሉት) ጣቢያው ሮኩን አቆመና ሳልሳና ሜሬንጌ ለቀቀ። ኤል ዞል 99.1 ተባለ። አድማጩን ቀደም ብሎ ልንሄድ ነው ያለው ሰው የለም። በዛን ሰሞን ዱፖንት ሰርክል ያሳፈርኩት ልጅ 99.1 አድርግልኝ አለኝ፣ 99.1 እኮ ነው አልኩት፣ አይደለም አለኝ፣ ከኋላ እጁን ዘርግቶ ራሱ ቁልፉን ተጫነው፣ ያው መለከትና ኮንጋ፣ ደግሞ ተጫነው፣ ቁጥሩን አየ፣ ከዛ ወደ ወንበሩ ተመልሶ ፎጊ ቦተም እስክንደርስ አልተናገረም። ልጁ ዜናውን የሰማው ከኔ ታክሲ ነው ማለት ነው። አስር ዓመት ምናልባትም ከዛ በላይ ሲሰማው የኖረውን ጣቢያ መሄድ የነገረው ጣቢያው አይደለም፣ የኔ ሬዲዮ ናት።

በሌላ በኩል ደግሞ ሬገን ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ሳልቫዶራዊ ሾፌሮች ነበሩ፣ እነሱ በዛ ሳምንት አራቱንም መስኮት ከፍተው ድምፁን እስከ ጥግ ለቀውት ነበር። ዲሲና አካባቢዋ ስንት ሺህ ሳልቫዶራዊ እንዳለ የማያውቅ የለም፣ እንዲህ ያለ ጉልበት ያለው ኤፍኤም በቋንቋቸው ሲያገኙ በዓል ነው የሆነላቸው። እኔም ደስ አለኝ፣ ስደተኛ ሆኜ ስደተኛ ሬዲዮ አገኘ ብዬ የማዝን ሰው አይደለሁም። የጣቢያው ባለቤት ኢንፊኒቲ ብሮድካስቲንግ ገበያውን አየ፣ ስፓኒሽ ተናጋሪው እየበዛ ነው አለ፣ ቀየረ። ንግድ ነው። ያዘዘው የመንግስት ካድሬ የለም፣ ደስ የሚለውም እሱ ነው። ግን ያ ልጅ አንድ ሳምንት ቀድሞ ቢነገረው ኩባንያው ምን ይጎድልበት ነበር? የሮክ ወዳጆቹ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ፣ ጩኸቱ በዛ፣ ወር ሳይሞላ ኩባንያው የኤችኤፍኤስን ስም ባልቲሞር 105.7 ላይ በማታና በቅዳሜ እሁድ መለሰው። ይሄ እኮ ራሱ ማስረጃ ነው፣ ቀድመው ቢያናግሩን ኖሮ ምን ያህል ሰው እንደሚቆጭ ቀድመው ያውቁ ነበር።

የ99.1 ነገር በዛ አላበቃም። በ2011 መጨረሻ ኤል ዞል ወደ 107.9 ተዛወረ፣ 99.1 ከ2012 ጃንዋሪ ጀምሮ 24 ሰዓት ዜና ሆነ፣ በ2015 መጨረሻ ደግሞ ብሉምበርግ ገባበት፣ ስለ አክሲዮን ማውራት ጀመረ። ሳልቫዶራዊው ወዳጄ ዕድለኛ ነው፣ የሱ ጣቢያ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። የሮኩ ልጆች ግን አሁን ጎልማሶች ሆነው፣ በ2024 ናሽናልስ ፓርክ ላይ ኤችኤፍስቲቫል ሲመለስ ትኬት ገዝተው ገብተዋል። ጣቢያው አየር ላይ የለም፣ ናፍቆቱ ግን ስታዲየም ይሞላል።

አሁን ወደ ክላሲካሉ ልምጣ፣ እሱ ነው የሚያመኝም የሚያስቀኝም።

ዲሲ ውስጥ ሁለት ክላሲካል ነበረን። አንደኛው ደብሊውጂኤምኤስ 103.5፣ ማስታወቂያ የሚለቅ የንግድ ጣቢያ ነው፣ ስሙ ከሀምሳዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚታወቅ። ሁለተኛው ዌታ 90.9፣ በአድማጭ መዋጮ የሚኖር የህዝብ ጣቢያ። በ2005 ፌብሩዋሪ የዌታ ቦርድ ተሰብስቦ ክላሲካሉን ትተን ዜናና ውይይት ብቻ እንሁን ብሎ ወሰነ፣ ከፌብሩዋሪ 28 ጀምሮም ቢቢሲና ኤንፒአር (የአሜሪካ የህዝብ ሬዲዮ) ሆነ። ሰው ተቆጣ፣ 88.5 ላይ ያለውን ነገር 90.9 ላይ ለምን እንደግማለን አለ፣ ብዙ ተጻፈ። እኔ ግን ለዌታ አንድ ነገር እመሰክራለሁ፣ ቢያንስ ከመቀየሩ በፊት ዜናው ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ሰው ተከራክሮበታል፣ ያልወደደውም መዋጮውን አቁሟል። ይሄ ማለት ለአድማጭ መንገር ይቻላል ማለት ነው፣ ሰማይ አልተደፋም።

ስለዚህ ክላሲካል የቀረው 103.5 ላይ ብቻ ሆነ። እሱስ ቢሆን? 103.5ንም ያንን የዜና ጣቢያ፣ ደብሊውቶፕን፣ ይዞ የነበረው አንድ ባለቤት ነው፣ ቦኔቪል። ጃንዋሪ 4፣ 2006 ዜናውን ከኤኤም 1500 አንስቶ ጠንካራው ሞገድ ላይ፣ 103.5 ላይ አስቀመጠው፣ ክላሲካሉን ደግሞ 104.1 ላይ ገፋው። 104.1 እስከዛ ድረስ የፖፕ ጣቢያ ነበር፣ የፖፕ አድማጮቹም በተራቸው ሜዳ ላይ ቀሩ። እናንተ በየሰዓቱ መግቢያ ጣቢያ ሁሉ መጠሪያውንና የተፈቀደለትን ከተማ እንዲናገር ታስገድዱ የለ፣ በዛን ጊዜ ነው "ዋልዶርፍ" ሲል የሰማሁት። ዋልዶርፍ! ከዲሲ በታች ደቡብ ሜሪላንድ ነው እኮ። ሞገዱም እንደ ስሙ ነው፣ ዳውንታውን ደህና ይሰማል፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ አልፈህ ወደ ሮክቪል ሽቅብ ስትል ቫዮሊኑ መንሾካሾክ ይጀምራል፣ ጌዘርስበርግ ስትደርስ ዝናብ ነው የሚዘንበው። ቤታቸው ደግሞ እዛ ነው፣ የኬኔዲ ሴንተር ሽማግሌዎች!

ሀቁን ለመናገር የ103.5 መቀየር ለኔ እንጀራ ነው የሆነው። ደብሊውቶፕ በየ10 ደቂቃው፣ 8 ላይ፣ 18 ላይ፣ 28 ላይ እያለ ትራፊክና አየር ሁኔታ ይናገራል፣ አሁን በኤፍኤም ጥርት ብሎ መጣ፣ 14ኛው ስትሪት ብሪጅ ላይ አደጋ አለ ሲል ሰምቼ በሜሞሪያል ብሪጅ የዞርኩበት ቀን ቁጥር የለውም። ጣቢያው ራሱ በመላው አሜሪካ ከፍተኛ ገቢ ከሚያስገቡት ተርታ ገባ። ስለዚህ የተቀየረ ሁሉ ተበላሸ የሚል ሰው ፊቴ ቢመጣ እኔው ራሴ እከራከረዋለሁ። 102.3 ማጂክስ ቢሆን? በ1987 የካቲ ሂውዝ ኩባንያ ሬዲዮ ዋን ገዝቶት አይደል የጥቁሩ ማህበረሰብ ቤት የሆነው? ባይቀየር ኖሮ እኔ ሌሊቱን በምን እገፋው ነበር?

ወደ 104.1 ልመለስ። በ2006 መጨረሻ አካባቢ የዛን ጊዜው የሬድስኪንስ (የከተማው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን) ባለቤት ዳን ስናይደር ጣቢያውን ለስፖርት ሊገዛው ነው የሚል ወሬ መጣ፣ ድርድሩ ፈረሰ። እኛም ተረፍን ብለን ነበር። ጃንዋሪ 22፣ 2007 ክላሲካሉ ቆመና 104.1 "ጆርጅ" የሚባል የሰባዎቹንና የሰማንያዎቹን ዘፈን የሚደባልቅ ጣቢያ ሆነ። ስሙን ስሰማ የሰው ስም መስሎኝ አቅራቢው መቼ ነው የሚመጣው እያልኩ ነበር። በዛው ምሽት ደግሞ ዌታ 90.9 ዜናውን ትቶ ተመልሶ ክላሲካል ሆነ! የደብሊውጂኤምኤስን የሙዚቃ ስብስብ ወሰደ፣ መጠሪያውን ፊደል ሳይቀር ሄገርስታውን ላለው ቅርንጫፉ 89.1 አደረገው። እኔ በግሌ እልል አልኩ። ግን 90.9 ላይ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ሌሊት ሌሊት ቢቢሲ የሚሰሙ የኛው ልጆች ነበሩ፣ ስለ አገር ቤት አንዲት ዜና ብትመጣ ብለው፣ ከነሱ አንዱ በማግስቱ ጠዋት ቡና ላይ "ምን ነካው ይሄ ሬዲዮ፣ ሌሊቱን ሙሉ የቀብር ሙዚቃ ነው" ብሎ አሳቀን። ለካ ሲያዝን ነው ያደረው፣ አንድ ትልቅ ሰው ሞቶ መስሎት።

ጆርጅም አልቆየም። በ2008 ሬዲዮ ዋን 104.1ን በ38 ሚሊዮን ዶላር ገዛውና ጎስፔል አደረገው፣ ፕሬይዝ 104.1፣ የጴንጤ ወዳጆቼ እስካሁን ከሱ አይለዩም። እንግዲህ ቁጠሩት፤ ከ2006 መግቢያ እስከ 2008 ባለው ጊዜ ብቻ አንድ ቁጥር ላይ ፖፕ፣ ክላሲካል፣ ጆርጅና መዝሙር ተፈራረቁ። አከራዩ በየስድስት ወሩ የሚያስወጣው ተከራይ እንኳ ቀድሞ ወረቀት ይሰጠዋል።

ሌላም አለ፣ ከኔ በፊት የሆነ ቢሆንም። 90.1 የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጃዝ ጣቢያ ነበር፣ ደብሊውዲሲዩ። በ1997 ዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ቸገረው፣ ጣቢያውን በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው፣ ገዢው ሲስፓን ነው፣ ዛሬ የኮንግረስ ክርክር ይተላለፍበታል። ዱክ ኤሊንግተን ተወልዶ ያደገበት ከተማ፣ የህዝብ ዩኒቨርሲቲ፣ የህዝብ ጃዝ፣ ተሸጠ። ከኔ በፊት የነበሩ ጥቁር ሾፌሮች ይሄን ሲያነሱ እስካሁን ፊታቸው ይጠቁራል። ግን ልብ በሉ፣ እሱ ሽያጭ ስለነበር እናንተ ዘንድ ማመልከቻ ገብቶ፣ ማስታወቂያ ወጥቶ፣ ሰው ተቃውሞ ነው ያለፈው። ተሸነፉ፣ ግን ተናግረው ነው የተሸነፉት።

እዚህ ላይ ነው ነገሬ።

ላይሰንስ (የስርጭት ፈቃዱ) ሲሸጥ አድማጩ እንዲነገረው ታስገድዳላችሁ። ላይሰንስ ሲታደስም እንደዛው፣ ማመልከቻ ያስገባ ጣቢያ ለአራት ተከታታይ ሳምንት በድምሩ 6 ጊዜ በራሱ አየር ላይ ማስታወቂያ ይናገራል፣ አድማጭ ይሄን ይሄን አይቶ አስተያየት ይስጥ ብሎ። ጣቢያው በየሩብ ዓመቱ ለማህበረሰቡ የሰራውን ፕሮግራም ዝርዝር ኦንላይን ፋይሉ ውስጥ እንዲያስቀምጥ ታዛላችሁ። አድማጩ ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያውቀው ነገር አንድ ብቻ ነው፣ ቁልፉን ሲጫን ምን እንደሚሰማ። ባለቤቱ ሲቀየር አድማጩ ላያውቅ ይችላል፣ ግድም ላይሰጠው ይችላል። ፎርማቱ ሲቀየር ግን በዚያችው ደቂቃ ያውቃል። ታዲያ ግድ በማይሰጠው ነገር ስድስት ጊዜ እየነገራችሁት፣ ግድ በሚሰጠው ነገር አንዴ እንኳ አለመንገር ምን የሚሉት ስርዓት ነው?

መልሳችሁን አውቃለሁ፣ አንብቤዋለሁ። ኒው ዮርክ ውስጥ ደብሊውኤንሲኤን 104.3 የሚባል ክላሲካል ጣቢያ በ1974 ወደ ሮክ ተቀየረ፣ አድማጮቹ ማህበር አቋቁመው ተሟገቱ፣ በ1975 ክላሲካሉን አስመለሱ። ክርክሩ ግን ቀጠለ፣ እናንተ በ1976 ፎርማት የገበያ ጉዳይ ነው እኛ አንገባም የሚል ፖሊሲ አወጣችሁ፣ የዲሲው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለአድማጮቹ ፈረደ፣ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ1981 ማርች 7 ለ2 እናንተ አሸነፋችሁ። ዳኛ ዋይት ናቸው ውሳኔውን የጻፉት፣ ዳኛ ማርሻልና ዳኛ ብሬናን በሀሳብ ተለዩ። ያቺ ጣቢያም በ1993 መጨረሻ መልሳ ሮክ ሆነች፣ በዚያው ቀረች።

እሺ፣ እኔም እኮ ከዳኛ ዋይት ጋር አልጣላም። መንግስት ሬዲዮው ምን ያጫውት ብሎ ሲወስን ምን እንደሚሆን ከናንተ የተሻለ አውቃለሁ። አገሬ ላይ ብሥራተ ወንጌል የሚባል ጣቢያ ነበር፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው፣ ከ1963 ጀምሮ ከአዲስ አበባ ለአፍሪካና ለእስያ በብዙ ቋንቋ የሚያስተላልፍ፣ ስብከት ብቻም አልነበረም፣ ዜናው፣ የጤና ትምህርቱ፣ ሙዚቃው የተወደደ ነበር፣ የአባቴ ትውልድ ሰዓቱን በሱ ነው የሚሞላው። ማርች 12፣ 1977፣ በኛ መጋቢት 3 ቀን 1969፣ ደርግ ወረሰው። በዚያው ጣቢያ፣ በዚያው ማሰራጫ፣ "የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ" ተባለ። ያ የፎርማት ለውጥ ነው ካላችሁ እኔ ያየሁት ትልቁ እሱ ነው፣ እሱንም አስቀድሞ የተናገረ አልነበረም። አባቴ ይሄን ሲያነሳ የሚናደደው በፕሮፓጋንዳው አልነበረም፣ እሱን ከሌላውም ጣቢያ ለምዶታል፤ የሚያውቃቸው ድምፆች ደህና ሁኑ ሳይሉ መቅረታቸው ነው የከነከነው፣ በህይወት ይኑሩ ይታሰሩ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

አያያዙ የተለያየ ነው፣ ገባኝ፣ እዚህ ማንም በጠመንጃ አልመጣም። አቅራቢዎቹ ግን እዚህም ደህና ሁኑ ሳይሉ ነው የሚጠፉት። 103.5 ላይ ሹበርትን ያስተማረኝ ሰውዬ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የኛው ማህበረሰብ ሬዲዮም ከዚህ ነገር ነፃ አይደለም፣ በራሳችንም ላይ ልናገር። የአማርኛ ፕሮግራሞቻችን የሚተላለፉት አብዛኛውን ጊዜ ኤኤም ላይ በኪራይ ሰዓት ነው፣ 1120ን የማያውቅ ያገሬ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ስፖንሰር ሲጠፋ፣ ኪራዩ ሲከብድ፣ አዘጋጆቹ ሲጣሉ (ይሄኛው እንኳ ስንቴ!) ፕሮግራሙ አንድ እሁድ ይቀራል፣ ሰዓቱ ላይ የሌላ አገር ቋንቋ ትሰማለህ፣ እናቶች ሬዲዮው ተበላሸ ብለው ልጅ ይጠራሉ። ቪኦኤ አማርኛ ከ1982 ጀምሮ ስንሰማው የኖርነው፣ በ2025 ማርች ድንገት ዝም ሲል ስንቱ አዛውንት ባትሪ እንደቀየረ እኔ ነኝ የማውቀው። ቪኦኤ በናንተ ስር እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ለሱ ሌላ ደብዳቤ ነው የሚያስፈልገው። የጠቀስኩት አድማጭ የሚባለው ሰው ምን እንደሚመስል እንዲገባችሁ ነው፤ ፎርማት ተቀየረ አይልም፣ ሬዲዮዬ ተበላሸ ነው የሚለው።

ኩባንያዎቹ የሚሉትንም ሰምቻለሁ። ቀድመን ከተናገርን ተፎካካሪ ይቀድመናል፣ ማስታወቂያ አስነጋሪ ይሸሻል፣ አቅራቢዎቹ ተናደው አየር ላይ የማይሆን ነገር ይናገራሉ ይላሉ። የመጨረሻው እውነት አለው፣ ስራ የሚለቅ ሰው ማይክ ይዞ ብቻውን ሲቀር አደገኛ ነው። ስለዚህ አራት ሳምንት አልጠይቅም። አንድ ሳምንት ይበቃኛል። በዛ ሳምንት ውስጥ ከእሁድ እስከ እሁድ በቀን አንዴ፣ ሰው መኪና ውስጥ ባለበት ሰዓት፣ ጠዋት ወይም ማታ፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ ይሄ ጣቢያ ይሄን መሆኑ ያቆማል የምትል አጭር ቃል። ከፈለጉ የተቀዳ ይሁን፣ ማይክ ለተናደደ ሰው አይስጡ። ምን እንደሚሆን ባይናገሩም ግድ የለም፣ ሚስጥራቸው ይቆይላቸው። ሙዚቃውን የሚወድ ሰው ወዴት እንደሚሄድ፣ ኦንላይን ይኑር ሌላ ቁጥር ላይ ይኑር፣ ከለውጡ በኋላ ለአንድ ወር ድረ ገጻቸው ላይ ይጻፉ። 88.5 በ2001 ከሰኞ እስከ አርብ የነበረውን ብሉግራስ የሚባል የገጠር ሙዚቃ ከአየር ሲያወርድ ኦንላይን ቦታ አዘጋጅቶለት ነበር፣ የቨርጂኒያ ሽማግሌዎች ተነጫነጩ እንጂ ሙዚቃቸውን አላጡም። ይቻላል ማለት ነው።

ይሄ ከ1981ዱ ፍርድ ጋር የሚጋጭ አይመስለኝም። ፍርዱ ያለው ፎርማትን መመርመር አትገደዱም ነው። እኔ መርምሩ አላልኳችሁም፣ ማስታወቂያ አስነግሩ ነው ያልኩት፣ የማስታወቂያ ደንብ ደግሞ ዛሬም አላችሁ፣ አንድ መስመር መጨመር ነው።

ቢሯችሁ 12ኛው ስትሪት ላይ በነበረበት ጊዜ ሰራተኞቻችሁን ብዙ ጊዜ አመላልሻለሁ። ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ቲፕ ላይ ግን ቆንጠጥ ያሉ ናቸው። አንዱን ጠይቄው ነበር፣ ይሄ ሬዲዮ እንዲህ ሲቀያየር እናንተ ምን ትላላችሁ ብዬ። "እኛ አይመለከተንም፣ ለጣቢያው ጻፍ" አለኝ። ለጣቢያው ጻፍኩ። በኢሜይል የመጣልኝ መልስ አዲሱን ጣቢያ ስላዳመጥክ እናመሰግናለን የሚል ነበር።

አሁን ወደ ወገኖቼ፣ በተለይ ኡበርም ላይ ሆናችሁ ታክሲም ላይ፣ ሬዲዮ የምታዳምጡ። የዲሲ፣ የሜሪላንድ፣ የቨርጂኒያና የዌስት ቨርጂኒያ ሬዲዮ ላይሰንስ የሚያልቀው ኦክቶበር 1፣ 2027 ነው፣ በ8 ዓመት አንዴ የሚመጣ ነገር ነው። ጣቢያዎቹ የማደሻ ማመልከቻቸውን እስከ ጁን 1 ድረስ ያስገባሉ፣ ከዛ በኋላ አስተያየት ስጡ የሚለውን ማስታወቂያ በየሬዲዮው ትሰማላችሁ፣ ያቺን ነገር ማስታወቂያ ነው ብላችሁ አትቀይሯት፣ ለኛ የተነገረች ናት። ተቃውሞ ያለው ሰው እስከ ሴፕቴምበር 1 ያስገባል። የየጣቢያው ፋይል ኤፍሲሲ ድረ ገጽ ላይ ክፍት ነው፣ ጣቢያውን ፈልጋችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ ለማህበረሰቡ ምን ሰራሁ እንዳለ አንብቡት፣ አንዳንዱ ያስቃል። እንግሊዝኛው የከበዳችሁ ልጆቻችሁን አስቀምጡና አስጽፉ። የምትጽፉት ብዙ መሆን የለበትም፣ ስንት ዓመት እንዳዳመጣችሁ፣ በምን ሰዓት፣ ጣቢያው ሲቀየር እንዴት እንዳወቃችሁ። ይሄን ደብዳቤ ቆርጣችሁ መለጠፍም ትችላላችሁ፣ የጆርጅን ነገር ብቻ አውጡት።

ለናንተ ደግሞ፣ የኮሚሽኑ ሰዎች፣ እንግሊዝኛው ልጄ ፈተናዋን እንደጨረሰች ይደርሳችኋል።

ከሰላምታ ጋር

አንድ የዲሲ ታክሲ ነጂ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ግልባጭ፦
ለ90.9፣ ዘንድሮም ክላሲካል ስለሆናችሁ እናመሰግናለን፣ ሀሳብ ከቀየራችሁ ቀድማችሁ ንገሩን
ሬገን ኤርፖርት ታክሲ ሰልፍ ላይ ለምትጠብቁ ሁሉ